ያልሰማሁት ግንድ

ዛፍ ላይ ሰው ከመውጣቱ በፊት የማንኳኳው እኔ ነኝ። የእንጨት መዶሻዬን ይዤ ግንዱን እዞረዋለሁ፤ ከሥሩ ጀምሬ እጄ እስከሚደርስበት ድረስ እየመታሁ አዳምጣለሁ። ጤነኛ ግንድ ሲመቱት አጭርና ጠንካራ ድምፅ ይመልሳል። ውስጡ የበሰበሰ ከሆነ ግን ባዶ በርሜል የመቱ ያህል ድምፁ ይወፍራል። ዛፍ በመቁረጥ ሃያ ሁለት ዓመት ኖሬያለሁ፤ አሥራ አምስቱን ላይ፣ ጉልበቴ እምቢ ካለኝ ወዲህ ደግሞ ታች ሆኜ ገመድ በመያዝ። ባልደረቦቼ «ዶክተር» የሚሉኝ በዚሁ በማንኳኳቴ ነው። የበሽተኛ ደረት የሚያንኳኳ ሐኪም መሰልኳቸውና ስሙ በዚያው ተለጠፈብኝ።

አንኳኩቼ ስጨርስ ወደ ላይ የሚወጣው ሰው «ዶክተር፣ በሽተኛው እንዴት ነው?» ብሎ ይጠይቀኛል። ግንዱ ደህና ከሆነ «ካንተ ይሻላል!» እለዋለሁ። ይስቃል፣ ይወጣል። ግንዱ ካጠራጠረኝ አልቀልድም፤ እኔ ካልቀለድኩ ደግሞ ማንም አይወጣም። ይህን ደንብ በወረቀት ያሰፈረው የለም። ግን በወረቀት ከሰፈሩት ሁሉ አብልጠን የምናከብረው እሱን ነው።

እንግዲህ ጉዱ እዚህ ላይ ነው፤ ዶክተሩ ጆሮው ጠፍቷል።

በአንድ ቀን የመጣ አይደለም። የሞተር መጋዝ ጆሮዬ ሥር ሃያ ሁለት ዓመት ጮኋል፤ በወጣትነቴ ደግሞ የጆሮ መከላከያ ማድረግ የፈሪ ሥራ ይመስለኝ ነበር። መጀመሪያ የጠፋብኝ የስልኬ ጥሪ ነው። ቀጥሎ የወጥ ቤቱ ቧንቧ ሳይዘጋ እየቀረ ባለቤቴ «እንዴት አልሰማኸውም?» እያለች ትቆጣ ጀመር። እኔም መልሼ እቆጣ ነበር፤ ጥፋተኛ ስሆን ቁጣዬ ይብሳል። ከዚያ አንድ ጠዋት የዕቃ መጋዘናችን ግቢ ውስጥ አንድ ጤነኛና አንድ በስባሳ ጉቶ ጎን ለጎን አስቀምጬ በመዶሻ መታኋቸው። በግራ ጆሮዬ ከሁለቱም ምንም አልሰማሁም። በቀኙ የሚሰማኝ ነገር አለ፤ ግን ፍራሽ የመታሁ ይመስል የታፈነ ነው፤ የቱ ጤነኛ የቱ በስባሳ እንደሆነ አይለይም። መዶሻውን ጣል አድርጌ እዚያው ጉቶው ላይ ቁጭ አልኩ።

ለማንም አልተናገርኩም። ሦስት ወር ሙሉ። ጉልበቴ ከላይ ወደ ታች አውርዶኛል፤ ጆሮዬ ደግሞ ከታች ሊያባርረኝ ነው፤ ከዚህ ወዲያ ወዴት ይወረዳል? ስለዚህ ማጭበርበር ጀመርኩ። ግራ መዳፌን ግንዱ ላይ እለጥፍና በቀኜ እመታለሁ። ጤነኛ ግንድ መዶሻውን ወደ እጅ መልሶ ይወረውረዋል፣ የበሰበሰው ይውጠዋል፤ ይህን በእጄ እለያለሁ ብዬ ራሴን አሳመንኩ። ለጊዜውም ሠራልኝ። ከዚህ የባሰው ሌላው ነው። ድሮ ሳንኳኳ «ዝንብ እንኳ እንዳይበር!» የምል ሰውዬ፣ አሁን ሆን ብዬ የመኪናው ሞተር ሳይጠፋ፣ ሰዎቹ ዕቃ በማውረድ ላይ ሳሉ አንኳኳ ጀመር። ሌላ ጆሮ ሰምቶ እንዳይከራከረኝ ነው። ዓይኔን በጨው አጥቤ ነው የሠራሁት፤ ሌላ የሚያምር ስም አልፈልግለትም።

ላይ የሚወጣው ደግሞ ባዳ አይደለም፤ የሚስቴ ታናሽ ወንድም ነው። «ቁንጫ» እንለዋለን። ቀጭን ነው፣ ጥቁር ልብስ ይወዳል፣ ካንዱ ቅርንጫፍ ወደ ሌላው ሲዘል ዓይን አይከተለውም። አምስት ወር የሆናቸው መንታ ሴቶች ልጆች አሉት። ወደዚህ ሥራ ያስገባሁት እኔ ነኝ። በመጀመሪያው ቀን ይዤው ስወጣ ባለቤቴ በር ላይ ቆማ «ወንድሜን አደራ» አለችኝ። ሌላ ቃል አልጨመረችም። እኔም ደረቴን ነፍቼ «ምን ሆነሻል፣ እኔ እያለሁ!» ብያት ወጣሁ።

ያን ቀን የተጠራነው ጡረታ የወጡ አንዲት አስተማሪ ቤት ነው። ከቤታቸው ጀርባ ያለውን ዛፍ ሦስት ሰው ተያይዞ አያቅፈውም። አንዱ ቅርንጫፍ፣ ቅርንጫፍ ከተባለ፣ የኔን ወገብ ያክላል፤ ልክ መኝታ ቤታቸው ጣሪያ ላይ ተጋድሟል። ሥራችን እሱን ጣሪያው ሳይነካ ማውረድ ነበር።

መኪናችንን የምትነዳውና የቅርንጫፍ መፍጫውን ማሽን የምታንቀሳቅሰው ሴት «ሬዲዮ» ትባላለች። ለምን እንደተባለች ሁለት ደቂቃ አብሯት የቆመ ሰው አይጠይቅም። ሞተሩን ሳታጠፋ ወርዳ ገመድ መወርወር ጀመረች።

«ቁንጫ! ገመዱ ራሱ አይወርድም እኮ፣ ተቀበለኝ እንጂ!»

«አንቺ ስታወሪ ገመዱም ሰልችቶት ራሱ ይወርዳል።»

«ዓይንህ ቀልቷል። መንታዎቹ አላስተኙህም መሰለኝ።»

«ፈረቃ አላቸው» አለ ቁንጫ፣ መታጠቂያውን ወገቡ ላይ እያጠበቀ። «አንዷ አልቅሳ ስትጨርስ ለእህቷ ታስረክባለች። እንደነሱ በሰዓቷ ሥራ የምትገባ ሰው እዚህ ብትኖር የት በደረስን!»

«ስማ! ዛሬ ማነው ያረፈደው?»

ይህን ሁሉ የነገሩኝ በኋላ ነው። እኔ በዚያን ሰዓት ያየሁት አፋቸው ሲንቀሳቀስ፣ ጥርሳቸው ሲታይ ነው፤ ሲስቁ እያየሁ አብሬ ሳቅኩ። ሦስት ወር እንዲህ ነው የኖርኩት። አለቃችን ጋሼ ደግሞ ጎረቤት መኪናውን ከአጥሩ ሥር እንዲያነሳ ለማናገር ሄደው ነበር። ጋሼ ቃል ሲያወጡ ጥርስ የሚነቅሉ ስለሚመስሉ፣ ጎረቤትየው ቶሎ እንደማይገባው አውቄያለሁ። ለኔ የተመቸ ሰዓት ነው። መዶሻዬን አነሳሁና ግንዱን መዞር ጀመርኩ።

መዳፌን ለጠፍኩ፣ መታሁ። ምንም። የዛፉ ቅርፊት ሁለት ጣት ይወፍራል፤ እንደ ጫማ ሶል ለስላሳ ነው፤ ንዝረቱን እሱ ይጠጣዋል። ትንሽ ከፍ አድርጌ መታሁ። ምንም። በቤቱ በኩል ዞሬ ጠንከር አድርጌ ደጋገምኩት። እጄ መዶሻው መመለሱን አልነገረኝ፣ መዋጡንም አልነገረኝ። እዚያ ላይ ማቆም ነበረብኝ። አንድ ቃል ብቻ ነበር የሚያስፈልገው።

ቁንጫ ሄልሜቱን አድርጎ ከፊቴ ቆመ። ከንፈሩን አነበብኩ። በሽተኛው እንዴት ነው?

«ካንተ ይሻላል!» አልኩት።

እንዴት እንዳልኩት አላውቅም። አፌ የለመደውን ተናገረ። ሳቀ፣ ትከሻዬን መታ አደረገኝ፣ ወጣ።

ሥራው እንዴት እንደሚሠራ ካልነገርኩ የሚሆነው አይገባም። ቁንጫ ራሱን የሚያስረው ከግንዱ አናት ነው። የሚቆረጠውም ቅርንጫፍ በሌላ ወፍራም ገመድ ይታሰራል፤ ያ ገመድ እላይ ግንዱ ላይ በታሰረ መዘውር ያልፍና ወደ ታች ወደ እኔ ይመጣል። እኔ በግንዱ ሥር በተገጠመ ብረት ላይ ሦስት ዙር ጠምጥሜ እይዘዋለሁ። ቅርንጫፉ ተቆርጦ ሲለቅ፣ ያ ሁሉ ክብደት በአንዴ ግንዱን ይጎትተዋል። ጤነኛ ግንድ ይወዛወዝና ይመለሳል። ውስጡ ባዶ የሆነ ግንድ ከመሐሉ ይሰበራል፤ ላይ የታሰረው ሰውም አብሮት ይመጣል።

ቁንጫ ላይ ደርሶ ገመዶቹን አሰረ። መጋዙን አስነስቶ ከቅርንጫፉ በታች በኩል የመጀመሪያውን ጉርድ ጎረደ። ሰጋቱራው ሄልሜቴ ላይ ይወርድ ነበር። ንጹሕ ነጭ ሰጋቱራ ነው፤ ቅርንጫፉ ራሱ ጤነኛ ስለሆነ። እኔም «አየህ፣ ደህና ነው» እያልኩ ራሴን ማጽናናት ጀመርኩ።

አስተማሪዋ ከቤት ወጥተው አጠገቤ መጡ። በቀኜ በኩል ነው የቆሙት። በግራዬ ቆመው ቢሆን ኖሮ ይህን ታሪክ በሌላ ፊት ነበር የማወራው፤ ወይም ጭራሽ አላወራውም። ሰውን ሁሉ ክፍል ውስጥ ያለ ተማሪ ስለሚያደርጉ ድምፃቸው ጮክ ያለ ነው።

«ልጄ፣ ቅድም በመስኮት ሳይህ ነበር። ስትመታው እንዴት ደስ ይላል! ልክ ከበሮ ነው እኮ የሚመስለው። አርባ ዓመት አጠገቡ ስኖር እንዲህ እንደሚጮህ አላወቅኩም ነበር።»

ክው አልኩ።

«ምን ይመስላል አሉ?»

«ከበሮ! ዱ...ም፣ ዱ...ም። በተለይ ወደ መኝታ ቤቴ በኩል ስትመታው።»

ቀና ስል ቁንጫ ቦታውን ቀይሮ ከቅርንጫፉ በላይ ተመቻችቷል። ሁለተኛውንና የመጨረሻውን ጉርድ ሊጀምር ነው። እሱ ካለቀ ቅርንጫፉ ይለቃል።

ጮህኩ። የጆሮ መከላከያ አድርጓል፣ መጋዙ ይጮኻል፤ በዚያ ሰዓት እሱ ከኔ የባሰ ደንቆሮ ነው። ገመዱን ሦስት ጊዜ ሳብኩት፤ ሦስት ጊዜ መሳብ «ቁም» ማለት ነው። ቅርንጫፉ ሲንቀጠቀጥ አየ፤ ገመዱን የማጠብቅ መስሎት አውራ ጣቱን አሳየኝና መጋዙን እንጨቱ ላይ አሳረፈ።

የቀረኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። ላይ መጋዝ እየሠራ ታች ሰው ከቅርንጫፉ ሥር ከገባ፣ ቆራጩ ያለምንም ጥያቄ መጋዙን ያጠፋል። ይህ በአጥንታችን የገባ ነገር ነው፤ እኔ ነኝ ለቁንጫ ያስተማርኩት። ገመዱን ብረቱ ላይ ቋጥሬ አሰርኩት፣ ሰው እንዳይገባ ያጠርነውን ቢጫ ገመድ ተሻገርኩና ግማሹ በተቆረጠው ቅርንጫፍ ሥር ሄጄ ተገተርኩ። ሄልሜቴንም አውልቄ ወደ ላይ አወዛወዝኩት። ሬዲዮ ከኋላዬ እሪ ብላ ጮኻ ነበር አሉ። አልሰማሁም።

ሰጋቱራው መውረዱን አቆመ። ቁንጫ መከላከያውን ከጆሮው ላይ ገፍቶ ወደ ታች አፈጠጠብኝ።

«አንተ ሰውዬ አብደሃል እንዴ?! ልገድልህ ነበር እኮ!» ይህን በደንብ ሰማሁት።

«ውረድ!»

«ምን ሆነህ ነው?»

«ውረድ ብዬሃለሁ! ቀስ ብለህ፣ ሳትዘል!»

«ግማሹን ቆርጬዋለሁ፣ እንዴት ብዬ ነው ትቼው የምወርደው? ለምንድን ነው?»

ጋሼ ከአጥሩ በኩል እየሮጡ መጡ፤ ጋሼ ሲሮጡ ያየሁት ያኔ ነው። ሬዲዮም አጠገባቸው ቆመች። አስተማሪዋም አሉ። ሁሉም እኔን ያያሉ። ሦስት ወር የሸሸሁት ነገር በጠራራ ፀሐይ ከነቤተሰቡ ፊቴ ተደርድሮ ቆመ።

«ዛፉን አልሰማሁትም» አልኩ።

«ምን ማለት ነው አልሰማሁትም?» አሉ ጋሼ።

«ጆሮዬ አይሰማም፣ ጋሼ። ሦስት ወር ሆኖኛል። ግራው ጭራሽ ሞቷል፣ ቀኙም ደክሟል። ሳንኳኳ የከረምኩት በግምት ነው። ይህን ግንድ ደግሞ በግምትም አላወቅኩትም። ደህና ነው ያልኩት ዋሽቼ ነው።»

ቀና ብዬ ቁንጫን አየሁት። እሱ ደግሞ እኔን አላየም፤ የታሰረበትን ግንድ ነበር የሚያየው። ከግንዱ ላይ እጁን ቀስ አድርጎ አነሳ፣ የጋለ ምጣድ የነካ ይመስል።

ከዚያ መውረድ ጀመረ። ሁልጊዜ ሲወርድ በአንድ ትንፋሽ ነው የሚያርፈው። ያን ቀን ግን ክርኑን እንኳ ሳያወዛውዝ፣ አንድ ክንድ ወርዶ ይቆማል፣ ይጠብቃል፣ ሌላ ክንድ ይወርዳል። ስንት ደቂቃ እንደፈጀ ጋሼ ስምንት ይላሉ፣ ሬዲዮ ሃያ ትላለች። እኔ የማውቀው ጫማው መሬት ሲነካ ነፍሴ ወደ ቦታዋ መመለሷን ብቻ ነው። ላቅፈው እጄን ዘረጋሁ። በአጠገቤ አልፎ ሄዶ አጥሩ ሥር ተቀመጠና ሄልሜቱን ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ።

ጋሼ ሬዲዮን የመኪናውን ሞተር እንድታጠፋ አዘዟትና መዶሻውን ከመሬት አነሱ። በቤቱ በኩል ሄደው አንዴ መቱ። እኔ ድምፁን አልለየሁትም፤ ፊታቸውን ግን አየሁ። ሬዲዮ አፏን በእጇ ያዘች፤ ስትናገር እንጂ ዝም ስትል አይቻት ስለማላውቅ በዚህ ብቻ ነገሩ ገባኝ።

ጋሼ ረጅሙን ቀጭን መሰርሰሪያ አስመጡና ግንዱን በወገባቸው ልክ በሱት። መጀመሪያ ነጭ ፍርፋሪ ወጣ። ቀጥሎ ቡናማ ዱቄት። ከዚያ መሰርሰሪያው ተንሸራቶ እስከ እጀታው ሰመጠ፤ ወዲያ ምንም የሚይዘው ነገር የለም። አውጥተው ጤነኛው እንጨት እስከሚያበቃበት ያለውን በጣታቸው ለኩት። አራት ጣት። በዚያ በኩል ያን ሁሉ ዛፍ ተሸክሞ የቆመው አራት ጣት እንጨት ነው።

«ቅርንጫፉን ገመድ ሊይዘው ነው፣ ገመዱን ግንዱ ሊይዘው ነው» አሉ ጋሼ። «ግንዱን ማን ሊይዘው ነበር?»

ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ እንዴት እንደሄደ ስናገር ያሳፍረኛል፤ ምክንያቱም ደስ ብሎኝ ነበር። ጋሼ ስልክ ደውለው ቅርጫት ያለው ክሬን አስመጡ። ቁንጫ ቅርጫቱ ውስጥ ቆሞ፣ ግንዱን ሳይነካ፣ ቅርንጫፉን በክሬኑ እያስያዘ ቆራርጦ አወረደው። አስተማሪዋ ዛፉ ከነጭራሹ እንደሚወርድ ሲነገራቸው ትንሽ አለቀሱ፤ ግንዱ ተቆርጦ ባዶ ውስጡ ሲታይ ግን አንገታቸውን አስግገው አዩና «እንዴ! እዚህ ውስጥ እኮ እኔም ከነወንበሬ እገባለሁ» ብለው ሳቁ። ከዚያ ወደ መኝታ ቤታቸው ጣሪያ ቀና አሉ፣ ሳቃቸውን ገታ አደረጉ፣ ዞረው ግንባሬን ሳሙኝ።

«እኔን ምን ይስሙኛል፣ እትዬ? ያወቁት እርስዎ ነዎት» አልኳቸው።

«እኔማ ደስ ስላለኝ ነው የተናገርኩት። የሰማኸው አንተ ነህ» አሉኝ።

ሁላችንም ከሚገባው በላይ እንስቅ ነበር። ከሞት ያመለጠ ሰው የሚስቀው ዓይነት ሳቅ ነው፤ በሆነ ባልሆነው። ሬዲዮ ማሽኑን አቁማ በቀኜ መጥታ ቆመች። ቀኙ እንደሚሻል ሰምታለች።

«አሁን እስቲ እውነቱን ንገረኝ። ሦስት ወር ሙሉ ስለ አክስቴ ልጅ ሠርግ፣ ስለ ቤት አከራዬ፣ ስለዚያ ስለ ጥርሴ ያወራሁህን አልሰማህም ማለት ነው?»

«አንዱንም።»

«ግን እኮ ራስህን እየነቀነቅክ 'ልክ ነሽ' ትለኝ ነበር!»

«ሳልሰማሽ ልክ መሆንሽን አውቃለሁ።»

«ወይኔ! እኔ ደግሞ በዕድሜዬ አንድ የሚያዳምጠኝ ወንድ አገኘሁ ብዬ ለሰፈሩ ሁሉ አውርቻለሁ!» ብላ እፍኝ ሰጋቱራ በትናብኝ ሄደች።

ሦስት ወር አንገቴ ላይ ታስሮ የከረመ ድንጋይ የወረደልኝ ያህል ቀለለኝ። የማይሰማኝን ሁሉ «ምን አልክ?» እላለሁ። እንዴት ያለ ጣፋጭ ቃል ነው! ክሬን ነጂውን «ምን አልክ?» አልኩት፣ ደገመልኝ፤ እንደገና «ምን አልክ?» አልኩት፣ ተናዶ ሦስተኛ ጊዜ ጮኸብኝ፤ እኔ ደስ አለኝ። የማስመሰሉን ልፋት ያወቅኩት ሳቆመው ነው።

ዕቃ ስንጭን ጋሼ ለብቻዬ ጠሩኝ። ያባርሩኛል ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር፤ ቢያባርሩኝም አልከራከርም።

«መዶሻውን ከእንግዲህ አትነካውም» አሉ።

«እሺ፣ ጋሼ።»

«ነገ ጠዋት ጆሮ ሐኪም ዘንድ። ዛሬ ማታ ለሚስትህ።»

ሁለተኛው ከአንደኛው ይከብዳል። «እሺ» አልኩ።

«ገመዱን...» ብለው ቆሙ። ጥርስ የሚነቀልበት ሰዓት ደረሰ። «ገመድ የሚያዘው በዓይንና በእጅ ነው፤ እነሱ አሉህ። ግን ትይዛለህ አትይዝም የሚለውን እኔ አልወስንም። የሚወስነው እላይ የሚንጠለጠለው ሰው ነው።»

ዞር ብዬ ቁንጫን አየሁት። ገመድ ይጠቀልል ነበር። ከወረደ ጀምሮ ከሁሉም ጋር አውርቷል፣ ቀልዷል፤ ከኔ ጋር ግን አንዲት ቃል አልተለዋወጠም። ውሃ ሳቀብለው እንኳ ተቀብሎ ጠጥቶ ኮዳውን ለጋሼ ነው የመለሰው። እሱ ካልፈለገኝ ከዛፍ ጋር ያለኝ ነገር አበቃ። ይህም ቀላሉ ነው። አንድ ቤት ውስጥ አንድ ማዕድ ስንቀርብ እየተያየን እንዴት እንደምንኖር ነበር የማስበው። እውነቱን ለመናገር ግን ይህም ቢሆን አላስከፋኝም። ቁንጫ በሕይወት ቆሞ ገመድ እየጠቀለለ እስከ ዕለተ ሞቴ ቢያኮርፈኝ፣ እቀበለዋለሁ።

መኪናው ውስጥ ገብቼ ከኋላ ወንበር ተቀመጥኩ። ሬዲዮ መሪውን ይዛለች፣ ጋሼ ከፊት ናቸው። ቁንጫ በሩን ከፍቶ ገባና በግራዬ ተቀመጠ። መኪናው ገና አልተነሳም። በዓይኔ ጥግ አፉ ሲንቀሳቀስ አየሁ። ፊቱ ተቆጥቷል፣ እጁም ይወራጫል፤ ድምፅ ግን የለም።

«በዚያ በኩል አልሰማህም» አልኩት።

አፉን ከፍቶ ቀረ። ከዚያ በሩን ከፍቶ ወረደ፣ መኪናውን በኋላ ዞሮ በሌላኛው በር መጣ፣ «ጠጋ በል» ብሎ ገፋኝና በቀኜ ተቀመጠ። እንደ አዲስ ጀመረው።

ያልሰደበኝ ስድብ የለም። ውሸታም አለኝ፣ ግንድ ራስ አለኝ፣ ዶክተር ያለህ ሰው እሱ ራሱ ይታከም አለኝ። እህቱ እንዴት ያለውን ዕቃ እንዳገባች ከሠርጋችን ቀን ጀምሮ ዘረዘረው። በሳምንት ውስጥ የወጣቸውን ዛፎች አንድ በአንድ እየቆጠረ «እሱንስ ሰምተኸው ነበር? እሱንስ?» አለኝ፤ በእያንዳንዱ «አልሰማሁም» አልኩት። ሬዲዮ ሳትናገር መኪናውን ነዳች። ጋሼ በመስኮት ወደ ውጭ ያያሉ።

«ልጆቼን ያለ አባት ልታስቀራቸው ነበር» አለ በመጨረሻ፤ እዚህ ላይ ድምፁ ተሰነጠቀ።

«አዎ» አልኩት። እንባዬ ሲወርድ አልጠረግኩትም።

ብዙ መንገድ ሄድን። ጓንቱን አወለቀ፣ መልሶ አደረገው፣ አወለቀው። ከዚያ ወደ ፊት እያየ፣ በዝቅተኛ ድምፅ፣ «ከነገ ወዲያ ገመዴን የምትይዘው አንተ ነህ» አለ።

«ምን አልክ?»

«ከነገ ወዲያ ገመዴን የምትይዘው አንተ ነህ!» ብሎ ጆሮዬ ሥር ጮኸብኝ።

በመጀመሪያውም ሰምቼው ነበር።